ብርድ የያዘው ቤንዚን

ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት «አላወቀም» ይባልለታል፤ ያልፋል። እንጀራውን በሚበላበት ነገር የተሳሳተ ሰው ግን ምን ብሎ ይሸሸጋል? ቄስ ቅዳሴውን ቢያፋልስ፣ ሐኪም ግራና ቀኝ ቢምታታበት፣ እንደ እኔ ያለ የፊዚክስ መምህር ደግሞ... እሱን ነው የማጫውታችሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ጎንደር ላይ የፊዚክስ መምህር መሆን ማለት የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሲበላሽም፣ የመብራት ቆጣሪ ሲጮኽም መጠራት ማለት ነው። «አላውቅም» ማለት ለመምህር ሞት ነውና ሁሌም እሄዳለሁ። ያላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነዳጅ ማደያ ያላቸው ሐጂ ኑሩ የደወሉልኝ ቀን ደስ እንዳለኝ አልሸሽጋችሁም።

«ቦቴዬ ሃያ ሺህ ሊትር ቤንዚን ጭኖ ተነሣ፤ እዚህ ስናራግፈው አራት መቶ ሊትር ጎደለ» አሉኝ። «ሹፌሩ አልነካሁም ይላል። ሰው በከንቱ ከማማ፣ አንተ መጥተህ ሒሳቡን እይልኝ።»

አራት መቶ ሊትር ሁለት በርሜል ነው። ከኪስ ወድቆ የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ወሩ ኅዳር ነበር። የወገራን የኅዳር ብርድ የማታውቁ ካላችሁ አትወቁት። ሹፌሩ አያ ደርሶ የዚያው የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ፂማቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የጨረሱ። ቤንዚኑን ከቆላው ሐሩር ጭነው፣ መኪናው ተበላሽቶባቸው ሦስት ቀን ደጋው ላይ ቆመው ነበር። ለሐሜተኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሰው በሌለበት መንገድ!

ማደያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን ዘረጋሁ። አሥር የሚሆን ሰው ከቦኛል። የጭነቱ ወረቀት እንደሚለው ቤንዚኑ ሲጫን በደቂቃ አራት መቶ ሊትር እየፈሰሰ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቷል። ሲራገፍ በዚያው ፍጥነት በአርባ ዘጠኝ ደቂቃ አልቋል። «ሊትር ያታልላል፤ ኪሎ ግን አይዋሽም» አልሁ፤ አባባሉ ለራሴም ጣፈጠኝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሰባት መቶ አርባ ግራም ይመዝናል። በደቂቃ አራት መቶ ሊትር ፈሰሰ ማለት በደቂቃ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ኪሎ ፈሰሰ ማለት ነው። አንዱን በሃምሳ፣ ሌላውን በአርባ ዘጠኝ አባዛሁ። የአንድ ደቂቃ ቤንዚን፣ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ የለም።

አያ ደርሶ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው መምህር፣ ብርዱንስ አትቆጥረውም? ቆላ የጫንሁት ቤንዚን እዚህ ሲደርስ ይኮማተራል እኮ።»

«ታዲያ ጋቢ አያለብሱትም ነበር?» አልሁ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ደስ አለኝ፤ የሚያሳፍረኝ ከሒሳቡ ይልቅ ይኼ ነው። ሽማግሌው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈተና አወጣለሁ፤ የፈሳሽን ፍጥነት ከሊትር ወደ ኪሎ ስለመለወጥ። «የቤንዚን እፍጋት በአሥራ አምስት ዲግሪ ሙቀት...» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። በአሥራ አምስት ዲግሪ! መጽሐፉ ይህን ቃል ያስገባው ቦታ ለመሙላት አልነበረም። ሊትሩ ሰባት መቶ አርባ ግራም የሚመዝነው እንደ ደጋው ሲቀዘቅዝ ነው። የቆላው ቤንዚን በግለቱ ተለጥጦ አንዱ ሊትር ሰባት መቶ ሃያ አምስት ግራም ብቻ ነበር። በደቂቃ ሁለት መቶ ዘጠና ኪሎ ማለት ነው። እንደገና አባዛሁ። የተጫነው አሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ፤ የተራገፈው አሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ አራት ኪሎ። አራቷ ኪሎ ቁጥር ሳጠጋጋ የመጣች ናት እንጂ፣ በእኔ ሒሳብማ ሽማግሌው ጨምረው ነው ያመጡት።

ወዲያው ሮጬ ሄድሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ዝም አልሁ። «ማን ያውቃል?» እያልሁ። እኔ አውቃለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው።

በመጨረሻ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄጄ ደብተሬን አሳየኋቸው። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝና «አንተ ተሳስተህ ነው። እኛ ግን አንተን አምነን ነው ሰው ያማነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ያኔውኑ ሰው ልከው አያ ደርሶ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ለመኗቸው።

እኔም ቤታቸው ሄድሁ። ጎንበስ ብዬ ጥፋቴን ተናገርሁ።

«ስንት ሰው ነበር ያን ቀን?» አሉኝ።

«አሥር ያህል።»

«እንግዲያ እሁድ ሰንበቴ አለን። እዚያ ተናገር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ በአፌ ያጠፋሁትን በአፌ ልክስ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጠላውና በዳቦው መካከል ቆምሁ። ስለ እፍጋት ላብራራ ስንተባተብ አንዲት ባልቴት አቋረጡኝ። «ጤፍ ጠቅጥቀው የሰፈሩትና ላላ አድርገው የሰፈሩት ቁናው አንድ ነው፤ ክብደቱ ይለያያል። ይኼን ማለትህ ነው?»

ይኼን ማለቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ።

አያ ደርሶ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ሲያበቃ እጄን ጨበጡኝ፤ ወደ መሪው ግን አልተመለሱም። «እጄ እሺ ይል ነበር፣ ልቤ እንቢ አለኝ» አሉ።

ወደ መናኸሪያው ስወርድ ከሰንበቴው አንድ ሸምገል ያለ ሰው ተከተለኝ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ አንተስ ሸጋ ሰው ነህ። የሽማግሌ ገመና ለመሸፈን ይህን ሁሉ ፈጥረህ መናገርህ፤ እግዜር ይስጥህ።»

«አይደለም፤ እውነቴን ነው! አንዲት ሊትር አልነኩም» አልሁት፤ ጮኽ ብዬ።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ።