የዳማ ልጆችና የእኛ ጨዋነት

ይህን ነገር በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ። ያን ቅዳሜ ካፊያ ነበር ይመስለኛል፤ አከራዬ እትዬ ማርታ ግን ጠራራ ፀሐይ ነበር ይላሉ፣ ልብስ አጥበው ያሰጡበት ቀን ስለሆነ። ከአጥሩ ውጪ ውሻ ሲጮህ ሰምቼ እንደሆነ፣ ወይስ በኋላ የተነገረኝን እንደሰማሁት አድርጌ ጨምሬበት እንደሆነም አላውቅም። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ያነበብሁትን የመድኃኒት ስም ደግሜ ሳላነብ ለሰው አልሰጥም። በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ለትዝታ አይሆንም፤ ያስታወሰውን ሁሉ ተመልሶ ሲገፋው ይውላል።

ለማንኛውም ስለ ጨዋነት ላውራችሁ። እናንተም ሳትቀምሱት አትቀሩም። ሰው ቤት ሄዳችሁ፣ አንጀታችሁ እየጮኸ፣ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ያላችሁበት ቀን አለ። ባለቤቱም ርሃባችሁን ከፊታችሁ እያነበበ «በሞቴ» ይላል፤ እናንተ ደግሞ «ኧረ በፍጹም» ትላላችሁ፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ላይ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ደስ የሚል ሥርዓት ነው። ችግሩ፣ የሚሠራው ከሁለት አንዱ መለመን ከጀመረ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱም ወገን ጨዋ ሆኖ ዝም ካለ ነገሩ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ጊዜ በዚህ የሚጎዳ የለም፤ ቢበዛ ሻይ ይቀዘቅዛል። እኛ ግቢ ግን የቀዘቀዘው ሻይ ብቻ አልነበረም።

የምኖረው ሶዶ ነው፣ እትዬ ማርታ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ተወልጄ ያደግሁት አረካ ስለሆነ የአገሩን ወግ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። እትዬ ማርታ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በጸሎት ቤታቸው የሴቶች ኅብረት ያለ እሳቸው አይከፈትም፣ አይዘጋምም። የሟች ባላቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ዳና ደግሞ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው በተበላ ከተማ አጠገብ በቆሎ ያርሳሉ። አንድ ማክሰኞ ለጉዳይ ሶዶ መጥተው እኛው ጋ ምሳ በሉ፤ ምሳ ላይም የዝንጀሮ ወሬ ተነሣ። ዝንጀሮ በቆሏቸውን ጨርሶባቸዋል። ውሻቸው አርጅቷል፤ እንዲያውም ከዝንጀሮዎቹ ጋር ጓደኝነት ሳይጀምር አልቀረም፣ አብረው ፀሐይ ይሞቃሉ አሉ። ይህን እያሉ ደጃፉ ላይ የተጋደመችውን የእትዬ ማርታን ውሻ፣ ዳማን፣ አዩና «ይቺ እንኳ ደህና ውሻ ናት» አሉ።

በቃ፣ ያሉት ይኸው ነው። እንግዳ ቤታችሁ ያለውን ነገር ሲያመሰግን ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። እትዬ ማርታ የጎረሱትን ሳይውጡ «ይውሰዷት» አሉ። ጋሽ ዳና አይሆንም አሉ፤ እትዬ ማርታ ይሆናል አሉ፤ ጋሽ ዳና ኧረ በጌታ አሉ፤ እትዬ ማርታ እንዲያውም በጌታ ስም ነው የሰጠሁዎት አሉ። ከዚህ በላይ የሚኬድበት መንገድ ስላልነበረ ገመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮውንም፣ እንደ ልማዴ፣ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ዳማ ሰሞኑን ወፍራ ነበር። ሠፈራችን ሥጋ ቤት ስላለ ውፍረቷን ሁላችንም በአጥንቱ አሳበብን። በዚያ ማክሰኞ ግን ሆዷ እንደሟሸሸ፣ ጡቶቿ እንደተንጠለጠሉ አንዳችንም ልብ አላልንም። ስጦታ የሚሰጥ ሰው የሚያየው የተቀባዩን ፊት ነው፤ ውሻዋን ማን ያያታል?

በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ሰማን። የደረቀውን የእንሰት ቅጠል ስገልጠው አራት ቡችሎች እርስ በርስ ተደራርበው አገኘሁ፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ መዳፌን የማይሞሉ። እትዬ ማርታ ጎንበስ ብለው አዩና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ውይ ዳማ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምነው ሳትነግሪን?»

የመድኃኒት ካርቶን አመጣሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በሹራቤ ጠቀለልሁና መሃላቸው አስቀመጥሁ። የላም ወተት አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ የእንቁላል አስኳል ጨምሬበት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ አጠባቸው ጀመር። ልክ ሠርቼው እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ለሆነ አንድ ጓደኛዬ ደወልሁ። ወተቱን እንዳቀጥን፣ ሳጠባቸው በጀርባቸው እንዳላስተኛቸው፣ ካጠባሁ በኋላ ደግሞ ሆዳቸውን በሞቀ እርጥብ ጥጥ እንዳሽ ነገረኝ፤ ለካ በዚህ ዕድሜያቸው ራሳቸውን ችለው አይሸኑም፣ የምታሸናቸው እናታቸው ናት፣ እየላሰች። ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«እናትየው መቼ ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«ታዲያ የት ናት?»

«ተበላ።»

«ተበላ እኮ እዚሁ ነው፣» አለኝ።

እዚሁ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሄደ ሰው ለምሳ ሶዶ ይመለሳል። ይህንኑ ለእትዬ ማርታ ሄጄ ነገርኋቸው። እሳቸውም ልጆቹ ያሳዘኗቸው ከእኔ ባልተናነሰ ነበር፤ ወተቱን የሚያፈሉት እሳቸው፣ የነጠላቸውን ቅዳጅ ካርቶኑ ውስጥ ያነጠፉት እሳቸው። ግን ስጦታ ነው። «ደውዬ ውሻዬን መልሱልኝ ልበል?» አሉኝ። ለልጆቿ ስንል ነው ብል «ሰበብ ነው የሚመስላቸው፤ ከሰጠች በኋላ ቆጫት ይሉኛል» አሉ። እሺ እኔው ልደውል ብል «አንተ ብትደውል ያስደወልሁህ እኔ ነኝ» አሉ። ነገሩን እያገላበጥሁ ባየው እውነታቸውን ሆነብኝ። የጋሽ ዳና ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። አወጣና አየዋለሁ፤ ልክ መሆኑን አረጋግጥና ስልኬን ኪሴ እመልሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ትንሿ ሞተች። ያጠባኋት ወተት በአፍንጫዋ ተመልሶ ደርቆ ነበር። አፍጥኜባት ይሆን፣ በርዷት ይሆን፣ ከመጀመሪያውም የማትተርፍ ነበረች ይሆን፣ እስካሁን አልለየሁም። እንሰቱ ሥር ቀበርናት። እትዬ ማርታ ከዚያ በኋላ ስለ ቡችሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፣ ታማሚ ያለበት ቤት ይመስል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጪ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የጋሽ ዳና ሳል። በጎረቤታቸው ፒካፕ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተደርበው መምጣታቸው ነው። እትዬ ማርታ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ሮጠው እኔ ክፍል መጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደብቃቸው፣» አሉኝ። «ድምፃቸውን ከሰሙ ውሻዋን ልንጠይቃቸው ያሰብን ይመስላቸዋል።»

ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተትሁና በሩን ዘጋሁ። ሦስቱ ቡችሎች፣ ለወትሮው ድምፃቸው የማይወጣው፣ ያን ሰዓት ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ባንድ ላይ ማላዘን ጀመሩ። መዝሙር ከፈትሁ። ባሱ። ድምፁን ጨመርሁ። ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድ ከአጥሩ ማዶ የውሻ ጩኸት የሰማሁ መሰለኝ። ግን ሶዶ ውስጥ ውሻ የማይጮህበት ሰዓት መቼ አለ? ድምፁን የመጨረሻው ላይ አደረስሁትና ወጥቼ ከእንግዳው ጋር ተቀመጥሁ።

ጋሽ ዳና እሸት በቆሎ ይዘውልን ነው የመጡት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና፣ ስለ አገልግሎት ተወራ። መዝሙሩን ጥሩ ነው አሉ፣ ትንሽ ጮኸ እንጂ። እትዬ ማርታ ዳማ እንዴት ናት ብለው ጠየቁ፤ ደህና ናት፣ እህል እንቢ ብላ ነበር እንጂ፣ አሉ። ትለምዳለች አሉ እትዬ ማርታ። አዎ፣ ትለምዳለች አሉ ጋሽ ዳና። ከዚያ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያዞሩ ቆዩና፣

«እዚህስ ሁሉ ደህና ነው? የጎደለባችሁ ነገር የለም?» አሉ።

«ምንም አልጎደለብን፣ ጌታ ይመስገን፣» አሉ እትዬ ማርታ።

ጋሽ ዳና ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ ያዩኝ መሰለኝ። ይህንንም ተሳስቼ ይሆናል። እኔም «ምንም» አልሁ። ጸሎት ተደርጎ፣ በር ድረስ ሸኝተናቸው ሄዱ። እትዬ ማርታ በሩን ሲዘጉ እፎይ አሉ። «ተመስገን፣ አልሰሙም።»

ከዚያ ሁለቱ ተከታትለው ሞቱ። የቀረችው አንዲቱ ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ለፊቷ ያገኘችው እኔንና ሲሪንጄን ነበር፤ ትርፌ አልናት። ዛሬ ትልቅ ውሻ ሆናለች። ውሻ ግን አልወጣትም። ሌባም ይምጣ፣ ቆጣሪ አንባቢም ይምጣ፣ ብድግ ብላ ጭራዋን ትቆላና መንገድ ትለቃለች። ከእናቷ ወተት ይልቅ የእኛ ጨዋነት ነው ያሳደጋት።

በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ እትዬ ማርታ ጉልበታቸውን አሟቸው ለእንኳን አደረሳችሁ ተበላ የላኩት እኔን ነው። ዳማ ከሩቅ አወቀችኝ፤ መጥታ እጄን አሸተተች፣ እየመላለሰች አሸተተች፤ የትርፌ ሽታ ሳይኖርበት አልቀረም። ጋሽ ዳና ይህን ሲያዩ ልጆቿ መቼ እንደሞቱ ጠየቁኝ። ስለ ልጆቿ ከማን እንደሰሙ ግራ ገብቶኝ አየኋቸው።

«ጡቷ ወጥሮ ሲንጠባጠብ እንዴት አናውቅም?» አሉ። «ባለቤቴ በማግስቱ መልሳት አለችኝ። የማርታን ስጦታ ደጇ ድረስ ወስጄ እንካችሁ ብል ግን ናቅሁት ማለት ነው። አንድ ቃል ከተነፈሱ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ይዣት መጣሁ። ጠየቅኋችሁ እኮ። ምንም አልጎደለም አላችሁኝ። አልቀው ነው፣ ማውራቱ ከብዷቸው ነው ብዬ ተውሁት።»

አንዷ አለች፣ ትልቅ ሆናለች አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁላችንም ያን ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ፈልገን ነበር የተቀመጥነው።

ይህን ለእትዬ ማርታ እስካሁን አልነገርኋቸውም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? እሳቸውም ይህን ጽሑፍ ካገኙት እንዳላነበቡ ይሆኑልኛል፤ እኔም እንዳላነበቡ አምንላቸዋለሁ። እንደምታዩት፣ አልተማርንም።

ብቻ እኔ የሰማሁትን ሳላጣራ አላድርም። ወደ ሶዶ ከመመለሴ በፊት የፒካፑን ባለቤት ተበላ ገበያ ዳር አገኘሁትና ስለዚያ ቅዳሜ ጠየቅሁት። ወዲያው አስታወሰ። ዳማ ከጆንያዎቹ መሃል ታስራ ነበር፤ የእኛ ቤት መዝሙር ከጮኸበት ሰዓት ጀምሮ እሷም እየጮኸች ገመዷን ልትበጥስ ደርሳ ነበር። በኋላ በቆሎውን ሲያራግፍ የተኛችበት ጆንያ ርሶ አገኘው። ውሃ የፈሰሰበት መስሎት አሸተተው፤ ወተት ነው። ዝናብስ አልነበረም ወይ አልሁት። አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር።