የሰባት ወር አራስ

ሴት ልጅ እስከ መቼ አራስ ትባላለች? የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገንፎው እስኪሰለቻት፣ ጎረቤትም እስኪረሳት ነው። የእኔ ልጅ ግን ጥርስ አብቅሎ ጡቴን እየነከሰኝ፣ እኔ አሁንም አራስ ነኝ። በሽማግሌዎች ተወስኖብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ስሞቹን ለውጫቸዋለሁ፤ እናንተም አታውቁኝም።) እዚህ ናዝሬት ያለው ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ፣ አምስት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ “ምን ጉዳይ ነው?” ይባላል። አራስ መጠየቅን ግን ማንም አልከለከለም። አብዮተኛውም ቢሆን እናት ወልዳዋለች። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ የማኅበራችን ሽማግሌዎች እኔ ቤት ገንፎ ከበው ይመክራሉ። ገንፎው የሚበላው ምክሩ ሲያልቅ ነው፤ ደርቆ። ባለቤቴ ጫላ ከዚህ በፊት ታስሮ ተፈትቷል። አሁን ከተያዘ አይመለስልኝም እያልኩ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቅልም።

ባለፈው ሐሙስ የያዙት ነገር ከባድ ነበር፤ እኛ ማን ነን? ወደፊትስ ምን እንሆናለን? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና “ራእይ” ሲሉ ትንሽ ይርቀኛል። ጭቅጭቁ ግን ገብቶኛል። የመንግሥት ሠራተኛው ወንድም ሰሎሞን፣ “የታሸገው የጸሎት አዳራሻችን የሚመለስበትን ቀን አስበን እንዘጋጅ” ይላል። ከቡልቡላ በጭነት መኪና የመጡት ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ፣ “በአዳራሹ ጊዜ እኮ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ስም አላውቅም ነበር። አሁን ልጆቹ ሲያማቸው ሳይቀር እሰማለሁ” ይላሉ።

“ታዲያ እስከ መቼ ገንፎ እያየን እንኖራለን?” አለ ሰሎሞን።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እትዬ አስካለ!

“አራሷን ልጠይቅ ብዬ ነው” ብለው ገቡና ልጄን ታቀፉት። እሱም ምን ቸገረው፣ ጥርሱን አሳያቸው። “ጉድ! ይኼማ ሥጋ ይበላል!” አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ወንዶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። “እናንተስ ምኗ ናችሁ?”

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለዚሁ ሲከራከሩ የዋሉ ሰዎች ዓይናቸውን ገንፎው ላይ ተከሉ። ሰሎሞን ጣሪያውን ያያል። ጫላ እኔን ያያል።

“ዘመድ ነን” አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

“ሁላችሁም?”

“ሁላችንም፣ ልጄ። ነይ ቅመሺ፣ እንዳይቀዘቅዝ።”

ቀዝቅዞ ድንጋይ የሆነውን ገንፎ እትዬ አስካለ ቀመሱ። ሲወጡ እጄን ጭብጥ አድርገው፣ “ሐሙስ ሐሙስ ነው አይደል የምትሰበሰቡት? ልጄ ከዘመተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እመጣለሁ” አሉኝ።

ወንዶቹ ሌላ ክርክር ያዙ። ሰሎሞን “ልትሰልለን ነው፤ ቤት እንቀይር” አለ። ጋሽ ቶሎሳ “ዘመድ ነን ብለናት በር እንዝጋባት?” አሉ። ሳይስማሙ ተበተኑ።

ነገ ሐሙስ ነው። ለእትዬ አስካለም እንዲበቃ ዱቄት ጨምሬ ነፍቻለሁ። የጫላን ጋቢም፣ ከወሰዱት እንዳይበርደው፣ አጥፌ በር አጠገብ አስቀምጫለሁ።