በሥዕል የተተከለ ጥላ

ዛፍ የሚወድ ሰው ያስፈራኛል። ምን አደረገህ አትሉኝም?

ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራችን ላይ አየር የማይበክል የቢሮዎች መንደር ሊሠራ የመጣው አርክቴክት «አረንጓዴ» የሚለው ቃል ከአፉ አይለይም ነበር። መብራቱ ከፀሐይ፣ ውሃው ከዝናብ ይሆናል አለን። እንቅፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ዋርካ ሶላሩ ላይ ጥላ ይጥላል።

«ይቆረጥ!» አለ ዛፍ ወዳዱ።

ጎረቤቴ አዛውንቱ አው አብዱላሂ፣ «ልጄ፣ ሰው ሲሞትብን የአፎቻ ዕድራችን ተሰብስቦ ለቅሶ የሚቀመጠው እሱ ሥር እኮ ነው» አሉት።

ላፕቶፑን ከፈተላቸው። «አባባ፣ ይኸው ስንት ዛፍ ስያለሁ! እዚህ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ እርስዎ ነዎት።»

እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው ራሳቸውን ፈለጉ።

ዋርካው በአንድ ቀን ወደቀ። መንደሩ ግን ሥዕሉን ከያዘው የማስታወቂያ ሰሌዳ አላለፈም።

ሰሌዳውንስ አላማውም፤ ውለታ አለብን። አው አብዱላሂ የሞቱ ጊዜ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበርና ለቅሶ የተቀመጥነው እሱ ሥር ነው። ጥላው ከስድስት ሰው በላይ ስለማይዝ፣ በየተራ አለቀስን።