ንጉሡ አንዴ ይዘላል

የጋሽ ብሪጅላል እጆች ጭቃ ያቦካሉ። የሽቶ መጥመቂያውን የመዳብ ድስት ክዳን በጭቃና በጥጥ ይለስናሉ፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ ጠርዙን በአውራ ጣት ጠበቅ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አፋቸው አያርፍም። "ሰንጠረዥ፣ ቼዝ የሚሉት ጨዋታ፣ የተወለደው እዚህ ነው" ይላሉ። እዚህ ሲሉ አገራቸውን ሕንድን ማለታቸው አይደለም፤ የሚኖሩባትን የካናውጅን ከተማም አይደለም። የእሳቸው ደጃፍ፣ ከቦዩ በስተግራ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዓለም የሚያውቀውን ነገር ሁሉ የፈጠረው የእሱ ቅድመ አያት ነው።

ሚስታቸው ፉልማቲ ይህን ወሬ ከሠርጓ ማግስት ጀምራ ሰምታዋለች። ክቡርነታቸው ለወተት ሻጩ ነግረዋል፤ ለቀስተኛ ሳይቀር ይዘው አውርተዋል። ጥርሳቸውን ሲነቀሉ እንኳ፣ ሐኪሙ እጁን ከአፋቸው ባወጣ ቁጥር ካቆሙበት ይቀጥሉ ነበር። በልጃቸው በሙኒያ ሠርግ አማችየውን ጥግ አስይዘው ግመል የሚሉትን የሰንጠረዥ ጠጠር አካሄድ ሲያስረዱ የሙሽሮቹ ምግብ ቀዘቀዘ።

ይህም ይሁን፤ ግን የሚያጫውታቸው ሰው አለቀ። የእሳቸው ሰንጠረዥ የአባቶቻቸው ነው፤ ንጉሡ በጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ፈረስ ይዘላል። ይህን ደንብ የሚያውቅላቸው የመጨረሻው ሰው ጫማ ሰፊው ነሲር ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተ። ወጣቱ የሚጫወተው በስልኩ ነው፤ በስልክ ደግሞ ንጉሥ አይዘልም።

የዓለም የቼዝ ቀን በከተማው አዳራሽ ሲከበር፣ ጋሽ ብሪጅላል ነጭ ልብሳቸውን አስተኩሰው ሄዱ። "ዛሬ ሰው አላጣም" አሏት። ፉልማቲ ከኋላ ተቀመጠች። ባላጋራቸው ወጣት አስተማሪ ነበረች። ጨዋታው ሲጠብባቸው ንጉሡን አንስተው አዘለሉት።

ዳኛው መጣ። "አባባ፣ ንጉሥ አይዘልም።"

"የእኔ ይዘላል።"

"በዓለም ላይ አይዘልም።"

"ዓለም ከእኛ ነው የተማረው። አጉድሎ ከተማረ እኔ ምን ላድርግ?"

ሰው ሳቀ። "ይመልሱት፣ አለዚያ ተሸንፈዋል" አለ ዳኛው።

"የዘለለ ንጉሥ አይመለስም።"

ተሸነፉ። ሲወጡ "የቼዝ አገር" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ሰጧቸው።

ቤት ገብተው የሰንጠረዡን ጨርቅና የእንጨት ጠጠሮች የያዘውን ከረጢት ምድጃው አጠገብ አስቀመጡ። "የሙኒያ እናት፣ ይህን እንጨት አንድጂበት። ከነሲር ጋር አብሮ ቢቀበር ይሻል ነበር።"

አነድደዋለሁ ስትል የኖረችው እሷ ነበረች። አሁን ግን ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ ልትደርስ የስንዴውን ጣሳ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ፊታቸውን አየች። ጣሳውን አስቀመጠችና ከረጢቱን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈች።

"ጥቁሩ የእኔ ነው" አለች።

"ተይው፤ አትችዪም።"

"ዕድሜ ልኬን እየሰማሁ? ግመል በሰያፍ ይሄዳል፣ ዝሆን ቀጥ ብሎ። ይልቅ ይደርድሩ።"

ደረደሩ። ወታደር ገፉ። እሷም ገፋች፤ ወዲያው ፈረሷን በነጻ ሰጠቻቸው። ነሲርን እንደማትተካ ሁለቱም አወቁ። ብሪጅላል ፈረሱን ሳይበሉ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

"የሙኒያ አባት፣ ካልበሉኝ እቀየማለሁ" አለች። "ንጉሤም መዝለሉ አይቀርም።"

"አንዴ ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ፤ አንዴ ብቻ ነው።"

ከመንገዱ ማዶ የወፍጮው ሞተር ጠፋ። ስንዴው ሳይፈጭ በሩ ላይ ቀረ።