ማብሪያው ሥር ያለው እድፍ

(ሳሎን። ግድግዳው ትናንሽ ቢጫ አበባ ያለበት አዲስ ወረቀት ተለጥፎበታል። ታላቅ ወንድም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከማብሪያው ሥር ያለች የጣት እድፍ ላይ አፍጥጧል። የቤቱ አባወራ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።)

ታላቅ፦ እድፍ ነው አልኩህ።

ታናሽ፦ እኔስ መቼ አይደለም አልኩ?

ታላቅ፦ ታዲያ ምን ያከራክርሃል?

ታናሽ፦ አልተከራከርኩም ጋሼ። ተወው ነው ያልኩት።

ታላቅ፦ ተወው ይለኛል። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ማብሪያውን ነው ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ማብሪያው ዙሪያ የቆሸሸ ቤት፣ ሌላውን ማየትም አያስፈልግ።

ታናሽ፦ በመጣህ ቁጥር ነው የምትነግረኝ።

ታላቅ፦ ደግሞ ይሄን ወረቀት የመረጠው ማነው?

ታናሽ፦ ባለቤቴ ናት። ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ከርማ፣ ናሙናውን እየተዋሰች አምጥታ፣ ቀን በፀሐይ ማታ በመብራት አይታ ነው የመረጠችው።

ታላቅ፦ ግድግዳ ልታለብስ ነው ወይስ ልጅ ልትድር?

ታናሽ፦ ለትዳርማ እንዲህ አልተጨነቀችም። እኔን አንዴ አይታ ነው የወሰደችኝ።

ታላቅ፦ ያስታውቃል። (ጠጋ ብሎ) እየው፣ ጠርዙ ራሱ ይታያል። እዚህ ጋ የለጠፈው ማነው?

ታናሽ፦ እኔ ነኝ።

ታላቅ፦ አውቄዋለሁ። ያንተ ሥራ ከድሮም እጅ እግር የለውም። በል፣ ጨርቅ ነክረህ አምጣልኝ።

ታናሽ፦ እርጥብ?

ታላቅ፦ ተነክሮ የደረቀ ጨርቅ ካለህ እሱንም አምጣ።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ሻጩ ውሃ አታስነኩት ብሏል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች፤ እድፍ ከነካው ደግሞ በደረቅ ዳቦ ዳበስ ዳበስ። ፕላስቲክ አይደለም፣ ወረቀት ነው አለ።

ታላቅ፦ ዳቦ? ግድግዳው ርቦታል? ስማኝ። ወረቀት ከምን ይሠራል?

ታናሽ፦ ከእንጨት።

ታላቅ፦ እንጨቱ በምን አደገ?

ታናሽ፦ በውሃ።

ታላቅ፦ ታዲያ ያሳደገው ውሃ ይገድለዋል?

ታናሽ፦ እኔ እንጃ። ሰውም ውሃ ጠጥቶ ነው የሚያድገው። ሲሰምጥ ግን ይሞታል።

ታላቅ፦ እንዲህ እያሰብክ እስካሁን መኖርህ ይገርመኛል። ጨርቁን አምጣ።

ታናሽ፦ (ጨርቁን እየሰጠው) እንግዲህ፣ ግድግዳዬን ከነካ ወንድምህ እዚህ ቤት ድርሽ አይልም ብላለች። አሁን ከሥራ ትመጣለች።

ታላቅ፦ ግድግዳውን ላንተ አደራ ሰጥታ ነው የሄደችው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል።

ታናሽ፦ አህያው እኔ ነኝ። ጅቡ ማነው?

ታላቅ፦ ተረት ነው፤ አትመርምረው። እኔ የግድግዳ ወረቀት ይዤ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ።

ታናሽ፦ አንተ ቤት ግድግዳው ነጭ አይደለም እንዴ?

ታላቅ፦ አሁን ነጭ ነው።

ታናሽ፦ ድሮ አበባ ነበረው?

ታላቅ፦ ነበረው።

ታናሽ፦ የት ሄደ?

ታላቅ፦ ወሬ አታብዛብኝ። (ያሻል)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ አበባው ወደ ጨርቁ መጣ።

ታላቅ፦ ቀለሙ አጭበርባሪ ነው ማለት ነው። ይኸው አጋለጥኩት።

ታናሽ፦ እድፉ ግን አለ።

ታላቅ፦ ሥር ሰዷል። (አጥብቆ ያሻል)

ታናሽ፦ አሁን ደግሞ አበጠ።

ታላቅ፦ አየር ነው። አየር ምን ይፈልጋል? በአውራ ጣት ጫን ማለት። (ወረቀቱ ቅድድ ይላል)

ታናሽ፦ ጣትህ ገባ።

ታላቅ፦ የት ገባ?

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ጣትህ ወረቀቱ ውስጥ ነው።

ታላቅ፦ አይቻለሁ። እስክሪብቶ አምጣ፣ አበባውን መልሼ ልሣለው።

(ይሥላል። ታናሽ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል።)

ታናሽ፦ አበባው ቢጫ አልነበረም?

ታላቅ፦ የሰጠኸኝ ሰማያዊ ነው።

ታናሽ፦ እግርም አለው።

ታላቅ፦ ቅጠል ነው።

ታናሽ፦ ሸረሪት ይመስላል።

ታላቅ፦ ሚስትህ ሸረሪት ትፈራለች?

ታናሽ፦ እሷ የምትፈራው አንተን ነው።

(ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ይሰማል።)

ታላቅ፦ (ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ) መጣች። ስማኝ የናቴ ልጅ፣ የቀደድኩት እኔ ነኝ በላት።

ታናሽ፦ አንተ ነህ ልበላት?

ታላቅ፦ አንተ ነህ እንጂ! አንተ ባሏ ነህ፣ ተቆጥታ ይበርድላታል። እኔን ግን በር ትዘጋብኛለች። ከዚህ ቤት ሌላ መሄጃ አለኝ?

ታናሽ፦ የለህም።

ታላቅ፦ ታዲያስ።

ታናሽ፦ (ይነሳል) እስቲ ዞር በል።

(የወረቀቱን ጥግ በጥፍሩ ይዞ ይስባል። የተቀደደው ቁራጭ ከሥሩ ካለ ስስ ላስቲክ ጋር ተላቆ ይመጣል። ከጀርባው ያው ወረቀት፣ ያው ቢጫ አበባ፣ ንጹሕ እንደሆነ አለ።)

ታላቅ፦ ይሄ ምንድነው?

ታናሽ፦ ይሄ ያንተ ነው።

ታላቅ፦ የኔ?

ታናሽ፦ ከጥቅሉ የተረፈ ነው። ትናንት ውሃ እንዳያሳልፍ ላስቲክ ከሥሩ አድርጌ ግድግዳው ላይ ደረብኩት፤ ቀለም ቀቢዎች በሚይዙት፣ ሲነሳ በማይቀድ ፕላስተር።

ታላቅ፦ እድፉስ?

ታናሽ፦ ጣቴን ቅባት ነክሬ ያሳረፍኩት ነው። መጀመሪያ የማየው ማብሪያውን ነው ትል የለ? ሌላ ቦታ ሄደህ እንዳትፈልግ ብዬ ነው።

ታላቅ፦ ታዲያ ተወው፣ ተወው ስትለኝ የነበረው?

ታናሽ፦ ተወው ባልልህ አትነካውም ነበር። (ዝቅ ባለ ድምፅ) እሷ ግድግዳዋን ትወዳለች። እኔ ደግሞ አንተን እወድሃለሁ፣ ከዚህ ቤት እንድትቀር አልፈልግም። አህያም አንዳንዴ ያስጥላል ጋሼ።

(ታላቅ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ያወርዳል።)

ታላቅ፦ ለማንኛውም ፕላስተርህ አይረባም። በአንድ ስበት ተላቀቀ። መለጠፍ እንዴት እንደሆነ ቆይ ላሳይህ።

(እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘ ወደ ንጹሑ ግድግዳ ይጠጋል። በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ይሰማል። ታናሽ ጨርቁን ከእጁ ወስዶ የተላቀቀውን ቁራጭ ያስታቅፈዋል።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ያ ግድግዳ የእሷ ነው። አንተ የራስህን ወደ ቤትህ ወስደህ እሸው።