ከቦሳ አዲስ እስከ ባይካል

አላህ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ለሰው ልጅ ሲያድል ከቤቱ ያልተገኘ አንድ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አጋሮም አለ፣ ሸቤም አለ። የጂማው ግን የእኛው ነው። እኔን መሐሙድን፣ ምስኪኑን ልብስ ሰፊ፣ ፈጣሪ ከዚህ ሰው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ አጣብቆኛል።

ክቡርነታቸው አቶ ወልደሰማያት ይባላሉ፤ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለሱቅ ናቸው። ፊት ለፊት ጋሽ ወልደሰማያት እንላቸዋለን። ዘወር ሲሉ ግን አንድ ዲያቆን ደንበኛ ባወጣላቸው ማዕረግ «ሊቀ ሊቃውንት ዘስኳር» ነው የምንላቸው። ጥያቄ ጠይቆ የጨረሰ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ አፍ ሲከፈት እሳቸው መልሰው ጨርሰዋል። አንዴ አንድ ገበሬ «ጋሼ፣ የት ነው የሚ...» ከማለቱ «ስዊዘርላንድ!» አሉት። ሰውየው የሚፈልገው ወፍጮ ቤቱን ነበር።

ይህ ሁሉ እውቀት ከየት መጣ ብትሉ፣ ከስኳር መጠቅለያ ነው። ከአዲስ አበባ በእስር በእስር አሮጌ ጋዜጣ ይመጣላቸዋል። ታዲያ አንዷንም ቁራጭ ሳያነቡ ስኳር አይጠቀልሉባትም። ደንበኛ ሳንቲሙን ጨብጦ ይቆማል፤ እሳቸው «ቆይ እስቲ፣ ቆይ፣ ይኼ የጃፓን ነገር...» እያሉ ያነባሉ። ችግሩ ጋዜጣው ከመሃል ይቀደዳል። ስለዚህ እውቀታቸው መነሻ እንጂ መድረሻ የለውም። ሰዎች ጨረቃ ላይ መውጣታቸውን ነገሩን፤ መመለሳቸውን ሳይነግሩን ግን አንድ ወር አለፈ። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ሀዋ «እነዚያ የሰው ልጆች እዚያው ቀሩ እኮ!» እያለች ዱዓ ታደርግላቸው ነበር።

ደግሞ አይቀመጡም። ቢቀመጡም እግራቸው አይቀመጥም፤ ከባንኮኒው ሥር እንደ ስፌት መኪናዬ መርገጫ ይመታል። ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል፤ ስንት ኮሌታ አጣምሜአለሁ በሳቸው እግር! የማይተዉት ነገር ደግሞ ባይካል ነው። ባይካል ከዓለም ሁሉ ጥልቁ ሐይቅ መሆኑን ጂማ ውስጥ ያልሰማ ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው። ክረምት ገብቶ ጎርፍ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቀው ሰው ዕቃውን ያሸሻል፤ እሳቸው በር ላይ ቆመው «ይቺ ምን አላት! ባይካልን ብታዩ!» ይላሉ። የማያውቅ እንግዳ ከተገኘማ አለቀለት። «ይኼን ሳታውቅ ነው እስካሁን የኖርከው?» ይሉታል፣ ከልባቸው አዝነው።

ያን ዓመት ቡና ለቀማ ደርሶ ከተማው በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ጋሽ ወልደሰማያት ለሀዋ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠቅልለው ሸኟትና እጃቸው ላይ የቀረችውን ቁራጭ ማንበብ ጀመሩ። ወዲያው «መሐሙድ! ና ውጣ!» ብለው ጮኹ። ሌባ መስሎኝ መቀሴን ይዤ ወጣሁ። ቁራጯ እንዲህ ትላለች፦ በቴሌቪዥን የጠቅላላ እውቀት ውድድር ተዘጋጅቷል፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ መወዳደር የሚፈልግ ሁሉ... እዚያ ላይ ተቀደደች። የት? መቼ? እሱ ከሀዋ ስኳር ጋር ሄዷል።

«ሱቁን ጠብቅ!» ብለውኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ሮጡ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው! ሀዋን በሯ ላይ ደረሱባት።

«ስኳሩን ስጪኝ!»

«ውይ! ምነው ጋሼ፣ መርዝ አለበት እንዴ?»

«እውቀት አለበት!»

ሀዋ እየተርበተበተች ስኳሩን ሳህን ላይ ገለበጠች፤ ወረቀቷን ይዘው ተመለሱ። ደግነቱ ጋዜጣው የሦስት ሳምንት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ለቴሌቪዥን ጣቢያው ጻፉ። ሳይውል ሳያድር ይምጡ የሚል መልስ መጣ።

ቴሌቪዥን የሚባለውን እኛ በወሬ እንጂ በዓይናችን አናውቀውም። ምስሉ የግቤን ወንዝ አይሻገርም ይባላል። ስለዚህ የሱቁ አግዳሚ ላይ ክርክር ተነሣ። አግዳሚዋ የሐጂ ጅብሪል ናት ማለት ይቻላል። ሐጂ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አንዴ ከተቀመጡ እንኳን ለሰው ለዝናብም አይነሡም።

«እኛ የማናየውን ነገር አሸነፍኩ ብለህ ብትመጣስ?» አሉ ሐጂ።

«መሐሙድን ይዤው እሄዳለሁ፤ እሱ ይመስክር!»

«ብትሸነፍስ?»

«እኔ የማላውቀው ጥያቄ አለና ነው?» ጋሽ ወልደሰማያት ተቁነጠነጡ። «እንግዲያውስ ሁላችሁም ስሙ! የማላውቀው ጥያቄ ገጥሞኝ ከተሸነፍኩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም፣ ለምንም ነገር መልስ አልሰጥም። ይኸው ማልኩ!»

ሐጂ ቀልድ ይወዳሉ፤ በመሐላ ግን አይቀልዱም። ቃሉን ሁለቴ አስደገሟቸው። «ካሸነፍክ ደግሞ» አሉ፣ «በዚህ ጉልበቴ፣ በወጣህ በገባህ ቁጥር ብድግ እልልሃለሁ። አንድ ዓመት።»

እኔ ግራጫ ሙሉ ልብስ ሰፋሁላቸው። ለሱሪው የተጨነቅሁትን ያህል ለሠርጌም አልተጨነቅሁ። አዲስ አበባ ደርሰን ቴሌቪዥን ጣቢያው ስንገባ አንዱ ሠራተኛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የሚታየው ከደረት በላይ ነው።» ወይ ሱሪዬ! ሰው ባያየው እኔው አየዋለሁ ብዬ ዳር ላይ፣ ሱሪው ፊት ለፊት በሚታይበት ወንበር ተቀመጥኩ።

መብራቱ ያቃጥላል። ሁለት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ ደወል፤ ቀድሞ የደወለ ይመልሳል። ተፎካካሪያቸው ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። «መምህር ሽበሺ» ብሎ አስተዋወቃቸው ጠያቂው። ጋሽ ወልደሰማያት ስሙን ሲሰሙ ደንገጥ አሉና ተነሥተው መሬት እስኪነኩ እጅ ነሡ። ሽማግሌው እንደማያውቁት ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እኔ ለሽበት የተሰጠ አክብሮት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ተጀመረ። ጠያቂው «የጃፓን...» ከማለቱ ጋሽ ወልደሰማያት ያዙት ደወሉን። እግራቸው ይመታል፣ ግንባራቸው ያልበዋል፣ ሱሪዬ ይርገበገባል። ሽማግሌውም የዋዛ አልነበሩም። ስምንት ጥያቄ አልቆ አራት ለአራት ሆኑ። በሽማግሌው የተቀደሙባቸውን አራቱንም አውቃቸው ነበር ብለውኛል፤ አልተከራከርኩም። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱን የመለሰ አሸነፈ።

«ከዓለም ሐይቆች ሁሉ በጥልቀት አንደኛ የሆነው ማን ይባላል?» አለ ጠያቂው።

ወላሂ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ! ይህን እንኳን እሳቸው የቦሳ አዲስ ፍየሎች ያውቁታል! የሐጂ ጉልበት በዓይኔ ሄደ፤ አሳዘኑኝ። ደወሉን ጠበቅሁ። ደወል የለም።

ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። ያ ዕድሜውን ሙሉ ዐርፎ የማያውቅ እግር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ሥር ገብቷል። ተቀምጠውበታል! ሱሪዬ ተጨማዷል። ከደረት በላይ ለሚያያቸው መልስ የጠፋው ሰው ናቸው፤ ከደረት በታች ግን ሰውየው ከገዛ እጃቸው ጋር ይታገላሉ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ጫፉ ላይ ደርሶ አልወጣ ብሏቸዋል። ጠያቂው ሰዓቱን አየ። ሊያልቅ ሲል የሽማግሌው እጅ ደወሉን ነካ።

«ባይካል።»

ተጨበጨበ። መምህር ሽበሺ መጥተው ጋሽ ወልደሰማያትን ጨበጡ። «ከየት ነህ ልጄ?»

«ከጂማ ነው የመጣሁት።»

«እኔም ድሮ አጋሮ አስተምሬአለሁ። ደጋግ ልጆች ነበሩኝ። የት ደርሰው ይሆን?»

«ይኖራሉ፣ መምህር» አሉ ጋሽ ወልደሰማያት።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ግቤ ድረስ በመስኮት ውጪ ውጪውን አዩ። እኔ ፈነዳሁ። «ምን ነካዎት? ባይካል እኮ ነው! ስንት ዓመት ጆሯችንን ያደሙበት ባይካል! እጅዎ ላይ ይቀመጣሉ?»

«አየኸኝ?» አሉና ፊታቸው ቀላ። «መሐሙድ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ አፌ የተዘጋ ነበር። አጋሮ ስማር ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቃል ተንፍሼ አላውቅም፤ ድዳው ነበር የሚሉኝ። ተቆጣጣሪ የሚመጣ ዕለት ጠዋት መምህር ሽበሺ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው 'ባይካል' አሉኝ። 'ስጠይቅ እጅህን አውጣ' አሉኝ። አወጣሁ፤ መለስኩ። ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።»

«እሱንስ ጂማ በሙሉ ያውቃል» አልኩ።

«ሌላውን ከስኳር ወረቀት ነው ያገኘሁት፤ የራሴ ነው። ባይካል ግን የሳቸው ነው። የሳቸውን ይዤ እሳቸውን ልቅደም?»

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ማልኩ። ጂማ ስንደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሱቁ በር ላይ ጠበቀን። «የማላውቀው ጥያቄ ገጠመኝ» አሉ። ሐጂ ጅብሪል «ምን የሚል?» ቢሏቸው «የማላውቀውን ጥያቄ እንዴት አስታውሰዋለሁ?» አሉ። ይህ የመጨረሻው መልሳቸው ሆነ።

የጸጥታው ዘመን መጣ እላችኋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዕፎይ አልን። ከዚያ ማከክ ጀመረን። ስኳር ሳይነበብ ይጠቀለላል፤ ወረፋው በደቂቃ ያልቃል፤ ማንም ደስ አላለውም። ሀዋ «ጋሼ፣ ዛሬ ወረቀቷ ምን ትላለች?» ትላለች፤ እሳቸው ጠቅልለው ይሰጧታል። አግዳሚው ላይ ክርክር ሲነሣ «ይኼ ነው» ብሎ የሚዘጋው ጠፋ። ስለ አንድ የመኪና ጎማ ክርክር ተነሥቶ ሦስት ቀን አደረ። እኔ ደግሞ ግድግዳው አልንቀጠቀጥ ብሎኝ የአንዱን ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። በመሐላዬ ምክንያት አፌን ይበላኛል። ሰውየው ከሱ፤ እውነቴን ነው፣ ሱሪውን ማጥበብ ነበረብኝ።

በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ጅብሪል መጥተው ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ።

«ማሎ፣ እባክህ ወልደሰማያት፣ እስቲ ና እዚህ። ልጄ አሊ ጽፎልኛል። ያን ቀን አዲስ አበባ ሻይ ቤት ሆኖ በቴሌቪዥን አይቶሃል። አሊ ደብዳቤ መጻፍ ትዝ የሚለው በስንት ጊዜው ነው፣ ዛሬ ገና ደረሰኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሐይቅ ነበር ይላል። ያሸነፈህም ሽበሺ የሚባል ሽማግሌ መምህር ነው ይላል።»

ጋሽ ወልደሰማያት በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ እኮ የአጋሮ ሰው ነኝ። ሽበሺን አውቀዋለሁ። ማን ማንን እንዳስተማረም አውቃለሁ።» በሬ ላይ ተቀምጬ ወደምሰፋው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ መሐሙድ፣ ምን አየህ?»

«እኔ መሐላ አለብኝ፣ ሐጂ።»

«ምንም ያላየ ሰው ምን ብሎ ይምላል? በቃኝ፣ መለስክልኝ።»

ጋሽ ወልደሰማያትን አየኋቸው። ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ጭናቸው ሥር ገባ። ሐጂም አዩት።

«መሐላህ 'የማላውቀው ጥያቄ ገጥሞኝ ከተሸነፍኩ' የሚል ነበር፤ ሁለቴ አስደግሜሃለሁ» አሉ ሐጂ። «ባይካልን አታውቅም? አንተ? መሐላው አልያዘህም፣ አፍህን ክፈት!» ከዚያ የሱቁን መቃን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ ጉልበታቸውን በሌላው፤ «ያ ረቢ!» ብለው ብድግ አሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ስፌት መኪናዬ ድረስ ተሰማኝ። ቆሙ። ለጋሽ ወልደሰማያት ቆሙላቸው።

ጋሽ ወልደሰማያት ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አውጥተው ሐጂን ደገፏቸው። «ሐጂ፣ ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! ይቀመጡ...» አሉ፤ ድምፃቸው ዝጎ ነበር። ሐጂን አስቀመጧቸው። ቆም አሉ። እግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረገ።

«ግን ጥልቀቱን ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ ሐጂ፣ ፂማቸውን እየዳበሱ።

«ከሺህ ስድስት መቶ ሜትር በላይ! ይኼን ሳያውቁ ነው እስካሁን የኖሩት?»

ሀዋ ስኳር ልትገዛ መጥታ ቆመች፤ ሌላውም ከኋላዋ ቆመ፤ ወረፋው እስከ መንገድ ደረሰ፤ ሂድልኝ፣ ጨርስልኝ ያለ አልነበረም። ግድግዳዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ኮሌታ ተጣመመብኝ። ወላሂ፣ ስለ ባይካል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሰምቼ አላውቅም።