ለአንድ ሰው የሚበቃ ጥላ

እንጉዳይ ትናንት ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲያዝላት ወለሉ ላይ ጋደም አለችና፣ በሕልሟ ጠርሙሶች ሰው ሲያከማቹ አየች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሏ ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጋምቤላ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ከመሪው ይልቅ ሲጋራውን አጥብቆ ይይዝ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳሉ ሲብስበት ሐኪሙ "ካላቆምክ ሳንባህ አያቆይህም" ብሎ ቁርጡን ነገረው። ልጃቸው ይበልጣል ከባሕር ማዶ ሲመጣ በሻንጣው የኤሌክትሪክ ሲጋራና የሚሞላበትን ናናና እንጆሪ የሚሸት ፈሳሽ በትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ መጣ።

"በዚህ እያለማመደ ሲጋራውን ይተወው" አለ። "ግን እማ፣ ፈሳሹን ሙቀትና ፀሐይ እንዳያገኘው። ክዳኑ ይጥበቅ። መርዝ ስለሆነ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጊው። ከጠቆረ ተበላሽቷል፣ ይጣላል።"

እሱ ይህን ብሎ ተመልሶ ሄደ። የሚኖሩበት ጋምቤላ ግን ጋምቤላ ነው። መብራቱ ውሎ አያድርም፣ ቆርቆሮው ይነዳል፣ አየሩ ራሱ ገላ ላይ ይጣበቃል። በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ቢኖር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለው የውሃ ጋን ብቻ ነው። እንጉዳይ ጠርሙሶቹን በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፋ በጋኑና በጆንያው መሃል ወሸቀቻቸው፤ ጆንያው በደረቀ ቁጥርም በውሃ ታርሰዋለች። ፈሳሹ ከጠቆረ ጓንጉል ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ... ይህን ሐሳብ አንድም ቀን ጨርሳው አታውቅም።

በሕልሟ ፀሐይ ራሷ ጃንጥላ ዘርግታ ጥላ ስትፈልግ ትዞራለች። ባሮ ወንዝ ዳር ዓሦች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በመንጠቆ ሰው ያጠምዳሉ፤ የያዙትንም "ገና ትንሽ ነው" እያሉ ወደ የብስ ይመልሱታል። ገበያው ውስጥ ሻጮቹም ገዢዎቹም ፍየሎች ነበሩ፤ በገመድ የሚጎተተው ሰው ነው። አንዲት ፍየል የእንጉዳይን ከንፈር ገልጣ ጥርሷን አየችና "ይቺስ ዕድሜዋን ትደብቃለች" ብላ አለፈቻት።

ወዲያው እንጉዳይ እቤቷ ደረሰች። ጠርሙሶቹ አልጋዋ ላይ፣ አጎበር ውስጥ ተንጋለዋል። ሰዎች ደግሞ ክዳን ክዳናቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ናና ናና የሚሸተው ጠርሙስ የቤቱ ኃላፊ ነበር።

"ክዳንሽን አጥብቂ፣ ሐሳብሽ ይተናል" አላት።

"እሺ፣ ጌታዬ።"

"ልጅ ይደርስብሻል?"

"አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ባሕር ማዶ ስለሆነ አይደርስብኝም" አለች። ጠርሙሱም አዘነላትና "በሉ መሐረብ ስጧት" አለ።

ከዚያ ጓንጉልን አመጡት። ብብቱን ይዘው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት፤ ጠርሙሶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱት።

"ጠቁሯል" አለ ናናው። "ይጣል።"

"ኧረ ስለ ፈጣሪ!" አለች እንጉዳይ። "እሱ ድሮም ጥቁር ነው! ሳገባውም እንዲሁ ነበር!"

"ሥሩ ላይ ዘቅጧል።"

"ነቅነቅ ሲያደርጉት ይመለሳል። ቆይ ላሳያችሁ።"

ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ጓንጉል መጀመሪያ ሳለ። ቀጥሎ ሳቀ፤ ድሮ መኪናውን በእናቷ ደጅ ሲያሳልፍ ጥሩንባ እየነፋ የሚስቀውን ሳቅ ነበር የሳቀው። እንጉዳይ ይህን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች፤ ሳታስበው እንባዋ መጣ።

ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ።

"እሺ፣ ይቆይ" አለ ናናው። "ችግሩ፣ ጥላው የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው።"

"እሱ ይግባ" አለች እንጉዳይ።

"እሷ ትግባ" አለ ጓንጉል።

"እሱ ነው ሳንባው የታመመ!"

"እሷ ናት ሙቀት የማትችል!"

ክርክሩ ሲረዝም ጠርሙሶቹ አለቀሱ፤ ቤቱን የእንጆሪ ሽታ ሞላው። በመካከሉ ጓንጉል ክዳኑን አወለቀ። እንደ ባርኔጣ በእጁ ይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

"ክዳንህን!" ብላ ጮኸች። "ጓንጉል፣ ትተናለህ! ክዳንህን አድርግ!"

ውሃ ፊቷ ላይ ተደፋና ነቃች።

ከአንገቷ እስከ እግሯ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልላለች። ጓንጉል አጠገቧ ተንበርክኮ በአንድ እጁ ጣሳ ይዟል፣ በሌላው በቁራጭ ካርቶን ያራግብላታል።

"ገላሽ እንደ እሳት ነደደ" አላት። "ብጠራሽ ብጠራሽ አልሰማ አልሽኝ፣ እንጉዬ። ጊዜ አልነበረኝም፣ ጆንያውን ከጋኑ ላይ ገፈፍኩት።"

"ሣጥኑስ?"

ቀና ብላ ስታይ የቆርቆሮው ሣጥን መስኮቱ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ አናቱ ላይ ወርዶበታል።

"አንተ! ይጠቁራል እኮ!"

"ይጥቆር" አለ። "አንቺ ከምትሄጂብኝ እሱ ይጥቆር።" ከዚያ ሳሉ መጣበትና ፊቱን አዞረ።

ሲዞር ነው ያየችው። ጆሮው ላይ አንድ ሲጋራ ሰክቷል። ከየት ቆፍሮ እንዳወጣው እሱ ያውቃል፤ በድንጋጤው ሳይለኩሳት ረስቷታል። እንጉዳይ ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቁጣ ሳይሆን ለቅሶ ነበር። የጆንያውን ጫፍ አነሳችለት።

"ግባ።"

"ለሁለት ሰው አይበቃም፣ እንጉ።"

"ይበቃል። ጠጋ በል!"

ተጠጋላት። ያቺን ሲጋራ ከጆሮው ላይ መንጭቃ፣ በተኛችበት ወደኋላ ወረወረቻት። ሲጋራዋ ክዳኑ ከተነሳው ጋን ውስጥ ገባች። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና፣ በቤቱ የቀረው የሚጠጣ ውሃ ያ ብቻ ነበር።